ወረርሽኝ እና አዌይ ሮቴሽን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአሜሪካ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ለሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ለሚወሰደው የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ከማመልከቱ በፊት ከራሱ ትምህርት ቤት ውጭ ባለ ሆስፒታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ሳምንት፣ ይሠራል። ይህ አዌይ ሮቴሽን ይባላል። ኮቪድ-19 ይህን በር ሲዘጋው ብዙ የተዛባ ነገር ተወራ፤ አንዳንዱ ዛሬም አመልካቾችን ያሳስታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ተማሪዎቹ ከሆስፒታል የወጡት በመንግሥት ትእዛዝ ነው»

አይደለም። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበርና ለትምህርት ቤቶቹ ዕውቅና የሚሰጠው አካል ማርች 17 ቀን 2020 በጋራ ያወጡት ምክር ነበር፤ ክሊኒካል ሮቴሽን ለጊዜው ቢቆም እንደሚደግፉ ገለጹ። የወሰነው እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ነው። አንዱ ቶሎ ሲከፍት ሌላው የዘገየውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በወረርሽኝ ጊዜ አመልካቹ ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል፦ የራሱ ትምህርት ቤት የመውጫ፣ የተቀባዩ ሆስፒታል ደግሞ የመግቢያ።

«የራሱን ተማሪ ወደ ሥራ የመለሰ ሆስፒታል እንግዳም መቀበል አያቅተውም»

ያቅተዋል። አንዱ ምክንያት ጭምብል ነው። ኤን95 የሚያደርግ ሰው ጭምብሉ ፊቱ ላይ በትክክል መግጠሙ በዓመት አንድ ጊዜ ይፈተሻል። ጭምብሉን እንዳደረገ ጭንቅላቱ ላይ መሸፈኛ ይጠለቅለታል፤ በውስጡ ጣፋጭ ወይም መራራ ፈሳሽ ይረጫል። ከዚያ አንገቱን ያዞራል፣ ጎንበስ ይላል፣ ጮክ ብሎ ይናገራል። ጣዕሙ ከተሰማው ጭምብሉ አየር ያስገባል ማለት ነው። ጭምብሉ ቆዳውን በሚነካበት ቦታ ጢም ያለው ሰው ጭራሹን አይፈተሽም። ዋናው ጣጣ ግን ፍተሻው የሚያገለግለው ለዚያው ሞዴልና መጠን ብቻ መሆኑ ነው፤ በራሱ ሆስፒታል ያለፈ ተማሪ ሌላ ሞዴል ወዳለበት ሲሄድ እንደገና ይጀምራል። በ2020 ደግሞ ጭምብሉም የመፈተሻው ዕቃም እጥረት ነበረበት።

በዚያ ላይ ከሌላ ክፍለ ግዛት ለሚመጡ የ14 ቀን ለይቶ ማቆያ የጣሉ ግዛቶች ነበሩ። ከ4 ሳምንቱ ግማሹ በዚሁ ያልቃል።

«በ2020 አዌይ ለሁሉም ተከልክሏል»

የሕክምና ትምህርትና ፈቃድ ተቋማት ጥምረት ሜይ 11 ቀን 2020 ያወጣው ምክር በሚፈልገው ስፔሻሊቲ የራሱ ትምህርት ቤት ሬዚደንሲ የሌለውን ተማሪ ከአዌይ ገደቡ ነፃ አድርጎ ነበር። ለመመረቅ ሮቴሽኑ ግዴታ የሆነበትም እንዲሁ። ይህን ሳያጣሩ ተስፋ የቆረጡ ዕድላቸውን በገዛ እጃቸው ዘጉ።

«አዌይ ያልሠራ አይመደብም»

በ2021 ማች (አመልካቾች ወደ ሬዚደንሲ በሚመደቡበት ዓመታዊ ምደባ) ከአሜሪካ የኤምዲ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች 92.8 በመቶው ተመድበዋል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 93.7 ነበር። አዌይ እንደ ልማድ በሚጠበቅባቸው እንደ አጥንት ቀዶ ሕክምና ባሉ ዘርፎች ሳይቀር ቦታዎቹ ከሞላ ጎደል ተሞሉ። የከፋው ጉዳት የወደቀው ሌላ ቦታ ነው፦ የአሜሪካ ዜግነት የሌላቸው፣ በውጭ የተማሩ ሐኪሞች የምደባ መጠን ከ61.1 ወደ 54.8 በመቶ ወረደ። ምክንያቱ ሮቴሽን ብቻ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው፤ በዚያ ዓመት የተመዝጋቢው ቁጥርም በእጅጉ ጨምሯል።

«ኦንላይን ሮቴሽን እኩል ያስቆጥራል»

በስክሪን የታካሚ ሆድ አይዳሰስም፣ ሌሊት ተረኛ አይኮንም። የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊው ደግሞ ያላየውን ሊመሰክር አይችልም። በድንገተኛ ሕክምና የሚጠየቀው ስሎ የተባለው መመዘኛ ደብዳቤ ተማሪውን ከእኩዮቹ ጋር ስለሚያወዳድር በአካል መታየት ይፈልጋል፤ በ2020 ፕሮግራሞች በአንድ ስሎ እንዲረኩ የተመከረውም ለዚህ ነው።

ከንቱ ግን አይደለም። የሚጠቅመው እንዲህ ሲያዝ ነው፦ ካሜራ ከፍቶ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ታካሚ ማቅረብ፣ በአጋማሹ አስተያየት መጠየቅ፣ ባለቀ በሳምንቱ ደብዳቤ መለመን። ኢራስ በተባለው የሬዚደንሲ ማመልከቻ ሥርዓት ላይ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ የተለየ መለያ ቁጥር ያለው የጥያቄ ቅጽ ይወጣል፤ ለአንድ ፕሮግራም የሚላከው ከ4 ደብዳቤ አይበልጥም። ጠንካራዎቹ ቦታዎች በአካል አብረው ለሠሩ ሐኪሞች ይቀመጡ፤ የኦንላይኑ አራተኛ ቢሆን ይበቃል።

«ኦብዘርቨርሺፕ ያው ሮቴሽን ነው»

በውጭ የተማሩትን በጣም የጎዳ ግምት ነው። ኦብዘርቨር ያያል እንጂ ታካሚ አይነካም፣ ትእዛዝ አይጽፍም። የእጅ ልምምድ ያለበት ኢሌክቲቭ (ተማሪው መርጦ የሚወስደው ሮቴሽን) በአብዛኛው የሚሰጠው ገና ላልተመረቀ ተማሪ ነው፤ ለዚህ የሚያገለግለው ቢ-1 ቪዛ ሲሆን፣ የአሜሪካ ኤምባሲዎች መደበኛ የቪዛ አገልግሎት ማርች 20 ቀን 2020 ቆመ። ስቴፕ 2 ሲኤስ የተባለው የክሊኒክ ክህሎት ፈተናም ከማርች 16 ጀምሮ ተቋርጦ በጃንዋሪ 2021 እስከወዲያኛው ቀረ፤ በምትኩ በውጭ ለተማሩ ሐኪሞች የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ኢሲኤፍኤምጂ ፓዝዌይስ የተባለውን መንገድና ለሕክምና ባለሙያዎች የተዘጋጀውን ኦኢቲ የእንግሊዝኛ ፈተና አመጣ።

ስለዚህ ያልተመረቀ ተማሪ ኢሌክቲቩን ለመጨረሻዎቹ ወራት አያቆየው፤ ድንበር ከተዘጋ ሁለተኛ ዕድል የለም። የተመረቀ ደግሞ ማመልከቻው ላይ ኦብዘርቨርሺፕን በስሙ ይጥራው፤ ደብዳቤው «ተመለከተ» ሲል ማመልከቻው «ሠራ» ካለ ኢንተርቪው ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለዚያ ይሆናል።