የቲ ሴል ተቀባይና የጎንደሩ ካላዛር

ቲ ሴል ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው። ሽፋኑ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ተተክለዋል። የቲ ሴል ተቀባይ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሥራቸው የራስን ከባዕድ መለየት ነው። እያንዳንዱ ቲ ሴል የራሱ ዓይነት ተቀባይ አለው፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ላያውቀው ይችላል።

ጎንደር ውስጥ ይህ ነገር የመማሪያ መጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ሥራ የጀመረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአሸዋ ዝንብ በምታስገባው ጥገኛ ተህዋስ ለሚመጣው ካላዛር ራሱን የቻለ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። ካላዛር ደግሞ ቲ ሴል ሲያቅተው ምን እንደሚመጣ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ በሽታ ነው። እሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ተቀባዩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

ሌላው የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን፣ ፀረ እንግዳ አካል፣ ደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ተህዋስን እንዳለ መያዝ ይችላል። የቲ ሴል ተቀባይ እንዲህ አይችልም። የሚያየው ቁራጭ ብቻ ነው፤ ያንንም የራሳችን ሴል ካሳየው። ሴሎቻችን በውስጣቸው ያለውን ፕሮቲን ሁልጊዜ ይቆራርጣሉ። ቁራጩን ኤች ኤል ኤ በሚባል ፕሮቲን ላይ አድርገው ወደ ውጭ ያወጡታል። የሰሊጥ ነጋዴ ከጆንያው ዘግኖ ለገዢው በመዳፉ እንደሚያሳየው ማለት ነው። ቲ ሴሉ መዳፉንም ሰሊጡንም አንድ ላይ ያያል። ቁራጩ ትንሽ ነው፤ በአንደኛው የኤች ኤል ኤ ዓይነት ላይ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት) ብቻ ነው። ቫይረስ የገባበት ሴል ግን በዚችው ይጋለጣል።

ይህን በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ተመራማሪዎቹ ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናገል ናቸው። ቫይረስ የያዛትን አይጥ ቲ ሴል ወስደው ከሌላ ዝርያ አይጥ በተወሰዱና ያው ቫይረስ በገባባቸው ሴሎች ላይ ሞከሩት። ዝም አላቸው። ቫይረሱ አንድ ነው፤ አሳዩ ግን ባዳ ሆነበት። በ1996 ኖቤል ተሸለሙበት። የተቀባዩ ዘረ መል ራሱ የተገኘው በ1984 ሲሆን፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው ነው የደረሱበት።

በአብዛኞቹ ቲ ሴሎች ላይ ተቀባዩ አልፋና ቤታ ከተባሉ ሁለት ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ወደ ሴሉ ውስጥ የሚገባው ጭራው አጭር ስለሆነ ያየውን ለብቻው ማስተላለፍ አይችልም። መልእክቱን ወደ ውስጥ የሚያደርሱለት አጠገቡ ያሉት ሲዲ ስሪ የተባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ደግሞም ማየት ብቻ አይበቃም። አዲስ ቲ ሴል ከአሳዩ ሴል ሁለተኛ ምልክት ካላገኘ አይነሳም። ደግ ነው፤ አለዚያ ትንሹም ነገር ሰውነትን ባመሰው ነበር።

እነዚህ ሁሉ ዓይነት ተቀባዮች ከየት ይመጣሉ? ለየአንዳንዱ የተለየ ዘረ መል ቢያስፈልግ ኖሮ የት ይበቃል? ቲ ሴሉ ሲፈጠር የዘረ መሉን ክፍሎች በዕጣ ይቀጣጥላል፤ መጋጠሚያው ላይም ያለ ቀመር ይጨምራል፣ ይቀንሳል። በዚህ መንገድ አንድ ሰው በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የተለያዩ ተቀባዮች ይኖሩታል። ዕጣ ስለሆነ ግን የራስን አካል የሚያጠቃም ይወጣል። ማጣሪያው ከደረት አጥንት ኋላ ያለው ታይመስ ነው። ኤች ኤል ኤን ጨርሶ የማያውቅ ይሞታል፤ የራስን ቁራጭ አጥብቆ የሚይዝም አብዛኛው እዚያው ይሞታል። ማጣሪያውን የሚያልፉት ከመቶ ጥቂቶቹ ናቸው። ታይመስ ከልጅነት በኋላ እየኮሰመነ ይሄዳል፤ አዋቂ ሰው በአብዛኛው የሚኖረው ቀድሞ ባጠራቀመው ነው።

የተቀባዩን ሥራ በዓይን ማየት የፈለገ የቲቢ የቆዳ ምርመራን ይመልከት። ክንድ ላይ ቆዳው ውስጥ ትንሽ የቲቢ ባክቴሪያ ፕሮቲን ይወጋል። በዕለቱ ምንም የለም። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ግን ቲ ሴሉ ከዚህ በፊት ያን ቁራጭ የሚያውቅ ሰው ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል። ባለሙያው የሚለካው መቅላቱን ሳይሆን ጠጠር ያለውን እብጠት ነው፤ በጣቱ ዳር ዳሩን ዳብሶ በሚሊ ሜትር ይመዘግባል።

ወደ ካላዛር እንምጣ። መተማና አርማጭሆ ቆላ ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የሚወርደው ጎረምሳ ሌሊቱን ደጅ ያድራል። ዋልካው ስንጥቅ ውስጥና ግራሩ አካባቢ ደግሞ የአሸዋ ዝንብ አለች። ትነክሰዋለች፤ ጥገኛ ተህዋሱንም ታስገባበታለች። ተህዋሱ ማክሮፌጅ የሚባለው በላተኛ ሴል ውስጥ ገብቶ ይራባል። ጠላትን እንዲበላ የተፈጠረው ሴል ቤት ሆነለት ማለት ነው።

የሚያድነው ቲ ሴል ነው። ሽፋኑ ላይ ሲዲ ፎር የተባለ ፕሮቲን ያለው ቲ ሴል በተቀባዩ የተህዋሱን ቁራጭ ማክሮፌጁ ላይ ሲያገኝ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል አነቃቂ ፕሮቲን ይለቃል። ማክሮፌጁ ይነቃል፤ በውስጡ ያለውን ይገድላል። ብዙ ሰው ተነክሶም የማይታመመው ለዚህ ነው። የታመመው ግን ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ጣፊያው ከጎድኑ በታች ወርዶ በእጅ ይዳበሳል።

የሚገርመው፣ በዚህ ጊዜ ፀረ እንግዳ አካል በሽ በሽ ነው። ከጣት በምትወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራም የሚይዘው እሱኑ ነው። ነገር ግን አይጠቅምም፤ ተህዋሱ ሴል ውስጥ ተደብቋል። ቲ ሴሎቹ ደግሞ ተዳክመዋል። ከታማሚው ደም ተወስደው የተህዋሱ ፕሮቲን ሲቀርብላቸው እምብዛም አይንቀሳቀሱም። ታክሞ ሲድን መልሰው ይነቃሉ። ፀረ እንግዳ አካሉ ግን ከዳነም በኋላ ለረጅም ጊዜ አይጠፋም። ስለዚህ ድሮ ካላዛር ይዞት የነበረ ሰው ዳግም ሲያመው ፈጣን ምርመራው አያወላዳም፤ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ተወስዶ ተህዋሱ ራሱ በማይክሮስኮፕ ይፈለጋል።

ኤች አይ ቪ ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። ቫይረሱ የሚገባው በዚያው ሲዲ ፎር በኩል ነው፤ የሚያጠፋውም ተቀባዩን የተሸከመውን ሴል ነው። «ሲዲ ፎርህ ስንት ደረሰ?» የሚለው የክሊኒክ ወግ የሚጠይቀው የእነዚህኑ ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ ሁለቱም ላለባቸው ታማሚዎች ሊፖሶማል አምፎተሪሲን ቢን ከሚልቴፎሲን ጋር አጣምሮ መስጠትን መክሯል። መድኃኒቶቹ ተህዋሱን በእጅጉ ይቀንሱታል። የተረፈውን መጠበቅ ግን የቲ ሴል ድርሻ ነው፤ ስለዚህ ፀረ ኤች አይ ቪው ጎን ለጎን ይሰጣል። ሲዲ ፎሩ ዝቅ ብሎ የቀረ ታማሚ ከወራት በኋላ ካላዛሩ አገርሽቶበት ዳግም አልጋ የሚይዝበት ጊዜ ብዙ ነው።