የጀልባ ሬንጅ ምንድን ነው?

መኪና ስንገዛ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ነዳጅ ትበላለች ወይ?» ጀልባ ላይ ግን ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ስለ ሞተሩ የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል። ከባህር ዳርቻ ርቆ ዓሣ ለማጥመድ የሚወጣ ጀልባ ከሆነ ከጉልበቱም ከውበቱም በፊት መታወቅ ያለበት ሬንጁ ነው።

ሬንጅ ማለት ጀልባው በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት ነው። ታንከሩ የሚይዘውን ጋሎን በአንድ ጋሎን በሚሄደው ማይል ማባዛት ነው፣ በቃ። ችግሩ ሁለቱም ቁጥሮች ወረቀት ላይ እና ባህር ላይ አንድ አይደሉም።

ከታንከሩ እንጀምር። 200 ጋሎን ይይዛል ከተባለ 200ውም አይገኝም። ነዳጁን የሚስበው ቱቦ እስከ ታችኛው ጠብታ አይደርስም። ጀልባው በሞገድ ሲናወጥ ደግሞ የቀረው ነዳጅ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ሞተሩም አየር ይስባል። ስለዚህ 90 በመቶውን ብቻ መቁጠር ይሻላል። 200 ጋሎን 180 ሆነ ማለት ነው።

በጋሎን ስንት ማይል የሚለው ከፍጥነቱ ጋር ይቀያየራል። መኪና ላይም ይቀያየራል፣ ግን ጀልባ ላይ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው። በቀስታ ሲሄድ ጀልባው ውሃውን እየሰነጠቀ ያልፋል፣ ብዙም አይበላም። ፍጥነት ሲጨምር አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፣ ኋላው ይሰምጣል፣ ራሱ የፈጠረውን ሞገድ ዳገት እየወጣ ነው። ነዳጅ የሚጠጣው እዚህ ላይ ነው። ዳገቱን ካለፈ በኋላ ውሃው ላይ ይንሳፈፍና መንሸራተት ይጀምራል፣ ያኔ ፍጆታው ይሻሻላል። ብዙ ባለ ሁለት ሞተር የዓሣ ጀልባዎች በሰዓት 25 ወይም 30 ማይል አካባቢ ላይ ጥሩ ቁጥር ይሰጣሉ። ከዚያ በላይ እስከ መጨረሻው ከተረገጠ እንደገና ይወርዳል። የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ግማሽ ፓውንድ ያህል ነዳጅ ያቃጥላል። አንድ ጋሎን ቤንዚን ደግሞ ስድስት ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 300 ፈረስ ሞተር በሰዓት 25 ጋሎን ይፈልጋል። ሁለት ሞተር ካለ 50 ጋሎን! ሻጩ «ሬንጁ ይህን ያህል ነው» ሲል «በስንት ፍጥነት?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ።

እስቲ አንድ እውነተኛ ቦታ እንውሰድ። ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሦስት ሰዓት ያህል ነድቶ ሜሪላንድ ኦሽን ሲቲ የሚሄድ አበሻ ብዙ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቃት በባህር ዳርቻዋ ነው። ዓሣ አጥማጆች ግን ማርሊን በሚባለው ትልቅ የባህር ዓሣ ስም የነጭ ማርሊን ዋና ከተማ ይሏታል፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮም ትልቅ የማርሊን ውድድር በየዓመቱ ይካሄድባታል። ማርሊኑም ቱናውም የሚፈለገው የባህሩ ወለል በድንገት ወደ ጥልቁ በሚወርድባቸው ገደሎች አካባቢ ነው። ከእነዚህ አንዱ ባልቲሞር ካንየን ይባላል፣ ከከተማዋ ወደ 60 የባህር ማይል ገደማ ይርቃል።

አሁን እናስላ። ጀልባችን በጋሎን 1.5 ማይል ይሄዳል እንበል፣ ለዚህ ዓይነት ጀልባ መጥፎ ቁጥር አይደለም። ደርሶ መልስ 120 ማይል፣ 80 ጋሎን። ግን ቆይ፣ ካርታው የሚናገረው በባህር ማይል ነው። የባህር ማይል 1,852 ሜትር ነው፣ የመኪናው ማይል 1,609። ፍጆታችን የተለካው በመኪናው ማይል ከሆነ ርቀቱ 138 ይሆናል፣ ነዳጁም 92 ጋሎን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ካንየኑ ላይ ከደረስን በኋላ ደግሞ ማጥመጃውን እየጎተትን ቀስ ብለን ለሰዓታት እንዞራለን። በሰዓት 5 ጋሎን ብንል ስድስት ሰዓት 30 ጋሎን ነው። ይህ ፍጆታ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። ድምሩ 122 ጋሎን ደረሰ።

የባህር ሰዎች የሦስት እጅ ደንብ አላቸው። አንድ ሦስተኛው ነዳጅ ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛው ለመጠባበቂያ። ከ180 ጋሎናችን 60ው አይነካም፣ ለእቅድ የቀረን 120 ነው። በሁለት ጋሎን አልፈናል። ያውም ባህሩ ጸጥ ካለ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከፊት ቢመጣና ፍጆታው በጋሎን ወደ 1.1 ማይል ቢወርድ፣ መመለሻው ብቻ ከ46 ወደ 63 ጋሎን ያድጋል። መጠባበቂያው የተቀመጠው ለዚህ ቀን ነው። መኪና ላይ መብራቱ ሲበራ ማደያ እንፈልጋለን። እዚያ ማደያ የለም። 150 ጋሎን ታንከር ያለውን ተመሳሳይ ጀልባ ርካሽ ነው ብሎ የገዛ ሰው ይህን ጉዞ በደህና ማሰብም አይችልም።

ታዲያ ትልቅ ታንከር ይፍታው? ሁልጊዜ አይደለም። 200 ጋሎን ቤንዚን 540 ኪሎ ይመዝናል፣ ስድስት ሰባት ሰው እንደ መጫን ነው። ክብደት ሲጨምር በጋሎን የሚሄደው ይቀንሳል። ሞተሩን አሳንሶ መቆጠብም አያዋጣም፣ ከባድ ጀልባ ላይ ትንሽ ሞተር ቀኑን ሙሉ እየጮኸ ነው የሚሄደው። ናፍጣ ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። ባለ 300 ፈረስ የናፍጣ ሞተር ለዚያው ጉልበት በሰዓት 17 ጋሎን አካባቢ ይበቃዋል። ዋጋውና ክብደቱ ግን ከፍ ይላል፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚወጣ ሰው እኔ አልመክርም።

የሞተር አምራቾች የሚያወጡት የፍጆታ ሰንጠረዥ ለማወዳደር ይጠቅማል፣ አንብቡት። ብዙውን ጊዜ የሚለካው ግን በጸጥታ ውሃ፣ በሁለት ሰውና በከፊል በተሞላ ታንከር ነው። የእናንተ ጀልባ አምስት ጓደኛ፣ በረዶ የሞላ ሳጥንና ሙሉ ታንከር ይዞ ነው የሚወጣው። ሆዱ ላይ ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ የባህር እንስሳትና አረም ከተለጠፈበት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ባህር ላይ ሞክሩት። ታንከሩ ይሞላ፣ ሰውም ይጫን። ሞተሩን በደቂቃ ከ1,000 ዙር ጀምሮ በየ500ው እየጨመራችሁ፣ በእያንዳንዱ ላይ ፍጥነቱን ከጂፒኤስ፣ ፍጆታውን ከነዳጅ ፍሰት መለኪያው ላይ ጻፉ። አንዴ ከነፋሱ ጋር፣ አንዴ ነፋሱን ተቃርናችሁ፣ ከዚያ አማካዩን ያዙ። ሂሳባችሁን የምትሠሩት በዚያ ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ነው።