ስፖርት ትሬዲንግ ላይ «ኤጅ» ምንድን ነው? ልቀጥል ወይስ ልቀይር ለምትሉ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስፖርት ትሬዲንግ፣ ማለትም የጨዋታ ውርርድን እንደ ዕቃ ገዝቶና ሸጦ ከዋጋ ልዩነቱ ማትረፍን፣ የሚማሩ ልጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «እግር ኳሱ አልሆነልኝም፣ ወደ ቴኒስ ልዙር?» መልሱን የሚሰጥህ ኤጅ ነው።

መጀመሪያ ትሬዲንጉን ከለመድነው ውርርድ እንለየው። እዚያ ኦዱን (ካሸነፍክ የመደብከው ገንዘብ የሚባዛበትን ቁጥር) የሚያወጣው አወራራጁ ቤት ነው፤ ትኬት ትቆርጣለህ፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2000 እንግሊዝ ውስጥ ሥራ እንደጀመረው ቤትፌር ባሉ ኤክስቼንጆች ግን ሰው ከሰው ጋር ነው የሚገበያየው። «ያሸንፋል» ካልክ ባክ፣ «አያሸንፍም» ካልክ ሌይ ታደርጋለህ። አንድን ቡድን በ2.50 ኦድ በ100 ባክ አደረግህ፣ ከዚያ ኦዱ ወደ 2.00 ወረደ እንበል። በ125 ሌይ ካደረግህ ቡድኑ አሸነፈም አላሸነፈም 25 ታተርፋለህ፣ ኮሚሽን ብቻ ይቆረጥብሃል። ከመሐል ሜዳ በግ አምጥቶ ደብረ ብርሃን የሚሸጥ ነጋዴም ትርፉ ያለው በገዛበት ዋጋ ላይ ነው።

እንግዲህ ኤጅ ማለት ከሌላው በተሻለ ዋጋ እንድትገባ የሚያደርግህ፣ ደጋግሞ የሚሠራ ምክንያት ነው። መለኪያው ቀላል ነው። የገባህበትን ኦድና ጨዋታው ሊጀመር ሲል የነበረውን ኦድ ደብተር ላይ ጎን ለጎን ጻፍ። በ2.50 ባክ ያደረግኸው መጨረሻ ላይ 2.30 ከሆነ ገበያው ወዳንተ መጥቷል ማለት ነው።

ገንዘቡን ብቻ ካየህ ግን ትሳሳታለህ። ሳንቲም 30 ጊዜ ብትወረውር አንበሳው 18 ጊዜና ከዚያ በላይ የመውጣት ዕድሉ 18 በመቶ ገደማ ነው፤ 12 ጊዜና ከዚያ በታች የመውጣቱም ያው። ስለዚህ በ30 ትሬድ መኩራትም ተስፋ መቁረጥም አያስኬድም። 300 ሲሞላ ግን በዕድል ብቻ 180 መድረስ ከሺህ አንዴም አይገጥምም።

ኦዱ ብዙ ጊዜ ወዳንተ እየመጣ ሂሳብህ ገና ካላደገ፣ ቀጥል። ከመቶዎች ትሬድ በኋላም ካልመጣ ቀይር፣ «የተበላሁትን ሳልመልስ አልወጣም» የሚለው ለመቆየት ምክንያት አይሆንም። ዕቅድህን እየጣስክ፣ ጎል ይገባል ብለህ የከሰረ ትሬድ ይዘህ የምትቆይ ከሆነ ደግሞ ቴኒስ አያድንህም፤ እዚያ ኦዱ በየነጥቡ ነው የሚዘለው።

አንዳንዴ መቶዎች ትሬድ ሳትጠብቅ መቀየር ያለብህ ነገርም አለ። ዲኤስቲቪ እያየህ ጨዋታው መሃል የምትነግድ ከሆነ ስርጭቱ በሰከንዶች ስለሚዘገይ ጎሉን ስታይ ኦዱ ተቀይሮ አልቋል። ኔትወርኩም ሲቆራረጥ ይብሳል። እዚህ ቁጭ ብሎ ለሚማር ሰው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ያለው ገበያ ይሻለዋል፣ እሱንም መጀመሪያ ገንዘብ ሳያስገባ በደብተሩ ይሞክረው።