ቻይና ውስጥ ፖለቲካ የሚያስተምር የውጭ ዜጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የውጭ ሰው እዚያ ፖለቲካ ማስተማር አይችልም።»

ይችላል። ካናዳዊው ዳንኤል ቤል ከ2004 ጀምሮ ቤጂንግ በሚገኘው ቺንግዋ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ፍልስፍና አስተምሯል። በ2017 ደግሞ በሻንዶንግ ዩኒቨርሲቲ ዲን ሆኖ ነበር። በክፍል ውስጥ የማያስጠይቅ ሐሳብ ግን ታትሞ ሲወጣ ሊያስጠይቅ ይችላል።

«ተማሪዎቹ ጭንቅላታቸው ታጥቧል፤ የተነገራቸውን ብቻ ነው የሚደግሙት።»

ይሄ ንቀት ነው። ማርክሲዝም ለሁሉም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የግዴታ ትምህርት ነው። በ2018 ሼንዘን ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች የራሳቸውን ማኅበር ለማቋቋም ሲታገሉ አብረዋቸው ከቆሙት መካከል ማርክሲስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የተማሩትን ከልባቸው ስለወሰዱት ታሰሩ። እንዲህ ያለ ተማሪ ፊት የሚቆም መምህር «እኔ ከእንቅልፋችሁ ላንቃችሁ» ብሎ ባይጀምር ይሻላል።

«የተከለከለው ተጽፎ ይሰጥሃል፤ እሱን ማክበር ይበቃል።»

በ2013 «ሰነድ ቁጥር 9» የሚባል፣ አደገኛ ስለሚላቸው ሐሳቦች የሚያስጠነቅቅ የገዢው ኮሚኒስት ፓርቲ የውስጥ መመሪያ ወጣ። የታወቀው ሾልኮ በመውጣቱ ነው። በዚያው ዓመት መምህራን ሰባት ርእሶችን እንዳያነሱ በቃል እንደተነገራቸው ተሰማ። የፕሬስ ነፃነት፣ የዳኝነት ነፃነት፣ ሲቪል ማኅበረሰብ እና ፓርቲው የሠራቸው ስህተቶች ከሰባቱ ውስጥ ናቸው። መስመሩ ግን እንደ ጊዜው ይጠብቃል፣ ይላላል። የት ላይ እንደሆነ በግልጽ ስለማይነገር መምህሩ ራሱ እየገመተ ንግግሩን ይቆርጣል። ሳንሱሩ በዋናነት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በዚያ ላይ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መምህሩ የተናገረውን ለአስተዳደሩ የሚያሳውቁ ተማሪዎች ይመደባሉ።

«ዋናው አደጋ ያለው በፈረንጁ ላይ ነው፤ ስለዚህ ደፋር መሆን አለበት።»

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። የውጭ ዜጋ ሊታሰር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚደርስበት ኮንትራቱ አለመታደሱ ወይም ቪዛ መከልከሉ ነው። ሻንጣውን ይዞ አገሩ ይገባል። የአገሬው ሰው የት ይሄዳል? የሚንዙ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ መምህር ኢልሃም ቶህቲ፣ ኡይጉር ከሚባለው ሙስሊም ሕዝብ ነው፣ በ2014 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። የቺንግዋው የሕግ ፕሮፌሰር ሹ ዣንግሩን ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግን ተችቶ ስለጻፈ በ2019 ከማስተማር ታገደ፤ በ2020 ታሰረ፣ ከሥራም ተባረረ።

ስለዚህ የውጭው መምህር ድፍረቱን የሚያሳየው በሌላ ሰው ነፍስ መሆን የለበትም። «አንተስ ስለ ፓርቲው ምን ታስባለህ?» ብሎ ተማሪን በጓደኞቹ ፊት አያፋጥጥም። ክርክሩን በአቴንስ ወይም በሮም ጉዳይ ያስጀምራል፤ ወደ ራሳቸው አገር ማምጣቱን ለተማሪዎቹ ይተወዋል፣ ከፈለጉ ያመጡታል። ክፍሉን በድምፅ አይቀዳም። አገሩ ተመልሶ ሲጽፍም የተማሪውን ስም ብቻ ሳይሆን የሚያስለየውን ነገር ሁሉ ከጽሑፉ ያስቀራል፦ ዓመቱን፣ የትውልድ ከተማውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ።