ለሁለት ዓመት ትምህርት አሜሪካ ለምትሄዱ፦ የዲቪ ሰው ምክር ለናንተ አይሰራም

ቦሌ ሊሸኘኝ የመጣ ሰው ሁሉ ምክር ነበረው። ክፋት የለበትም፣ ችግሩ መካሪዎቹ በሙሉ ወይ ራሳቸው በዲቪ የሄዱ ናቸው ወይ ዲቪ የደረሰው ዘመድ አላቸው፣ እኔ ደግሞ የሄድኩት በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ፣ ለሁለት ዓመት ማስተርስ ነው። አንድ ፕሌን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ብትሄዱም ስትወርዱ ሕጋችሁ የተለያየ ነው፣ ይሄን የሚነግራችሁ ሰው ግን የለም።

"ዳይሬክት በረራ ነው፣ ተኝተህ ትደርሳለህ"

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስትሄዱ ነዳጅ ለመሙላት መሀል ላይ ያርፋል። ቦሌ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ፕሌኑ ሰውም ዕቃም ሙሉ ነዳጅም ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል፣ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ ቀጥ ብሎ ይመጣል። እንቅልፉም ቢሆን ፕሌን ላይ ስለተኛችሁ አይስተካከልም፣ በበጋቸው ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፣ ሰውነት ደግሞ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚለምደው። በዚያ ድንዝዝ ሳምንት ላይ የዩኒቨርሲቲው የውጪ ተማሪዎች ቢሮ (ኢንተርናሽናል ኦፊስ) ቀጠሮ 2፡00 ብሎ ላከልኝ፣ እኔ በኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት አድርጌው ስድስት ሰዓት ቀድሜ በር ላይ ቆምኩ።

"ሶሻልህ በፖስታ ይመጣል"

ሶሻል የሚሉት ለሥራና ለታክስ የሚያስፈልገውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው። ለዲቪ ሰው እውነት ነው፣ ፎርሙን ሲሞላ ይላክልኝ ብሎ ከሞላ ካርዱ ቤቱ ይመጣለታል። ለተማሪ ማንም አይልክም። እኔ አንድ ወር ሙሉ የፖስታ ሳጥን ስከፍት ስዘጋ ከረምኩ፣ የፒዛ ኩፖን ብቻ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ካምፓስ ውስጥ ሥራ ታገኛላችሁ፣ ከዛ ከቀጣሪውና ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይዛችሁ ራሳችሁ ሄዳችሁ ታመለክታላችሁ፣ ሥራ ከሌለ ቁጥሩም የለም። እስከዛ ድረስ ግን ሕይወት አይቆምም፣ ብዙ ባንክ በፓስፖርትና ትምህርት ቤቱ በሚሰጣችሁ አይ-20 በሚባለው ወረቀት አካውንት ይከፍታል፣ ፕሪፔድ ሲም ደግሞ ሶሻል አይጠይቅም።

"ሐበሻ ጋ ገብተህ ትሰራለህ፣ ካሽ ነው ማን ያይሃል"

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ዘመድ ያለው ልጅ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ሬስቶራንት፣ ፓርኪንግ፣ ጋዝ ስቴሽን የሚያስገባው ሰው አያጣም፣ ሰውየውም በደግነት ነው፣ እሱ ሲመጣ እንደዛ ነበር የተነሳው። ግን እሱ ግሪን ካርድ ነበረው። ኤፍ-1 ያለው ሰው ትምህርት እየተሰጠ ባለበት ጊዜ ካምፓስ ውስጥ ብቻ፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው የሚሰራው፣ ረጅም እረፍት ላይ ሙሉ ሰዓት ይችላል። ከካምፓስ ውጪ ያለ ፈቃድ መስራት ካሽም ይሁን ቼክ፣ በሰው አካውንት ኡበር መንዳትም ጭምር፣ ስቴተስ (በሕጋዊነት የመቆየት መብት) ያሳጣል፣ ስቴተስ ስታጡ ደግሞ የሚሄደው ሥራው ብቻ ሳይሆን ትምህርቱም ነው፣ ስትጨርሱ በሙያችሁ እንድትሰሩ የሚሰጠው የ12 ወር ኦፒቲም አብሮ ይሄዳል። እኔ ላይብረሪ መጽሐፍ እየደረደርኩ ነው የቆየሁት፣ ብሩ ትንሽ ነው፣ አልዋሽም፣ የአጎቴ ልጅ እስከዛሬ ይስቅብኛል።

"ቪዛህ ካለቀ ሕገወጥ ትሆናለህ"

እናቴ ይሄን ከዲያቆን እስከ ጠበቃ ስታስጠይቅ ከረመች። ቪዛ በር ላይ ለመግባት ነው፣ ከገባችሁ በኋላ እስከ መቼ መቆየት እንደምትችሉ የሚወስኑት አይ-94 የሚባለው መዝገብና አይ-20 ናቸው። ጁላይ 2025 ላይ ለኢትዮጵያዊ የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ፣ የተማሪም ጭምር፣ አንዴ ብቻ የሚያስገባና ሦስት ወር ብቻ የሚቆይ ተደርጓል፣ ስለዚህ ገና የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ ቪዛው ያልፍባችኋል፣ ትምህርታችሁን በአግባቡ እስከቀጠላችሁ ድረስ ምንም አትሆኑም። ጭንቁ ያለው ስትወጡ ነው፦ ለሠርግም ለለቅሶም አዲስ አበባ ከመጣችሁ ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ ኢንተርቪው መቆም አለ። ይሄን እያወቃችሁ ሂዱ፣ "ክረምት ላይ እመጣለሁ" ብላችሁ ቤተሰብ አታስጠብቁ።

"ደሞዝ ከሌለህ ታክስ አይመለከትህም"

ይመለከታል። አንድ ሳንቲም ባትሰሩም 8843 የሚባል ፎርም በየዓመቱ ትልካላችሁ። ከሰራችሁ ደግሞ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ለታክስ እንደ ውጪ ሰው ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ የዘመድን ታክስ የሚሰራው ሰው የናንተንም በዛው ፎርም ከሰራው ስህተት ነው።

"ዲቢት ካርድ ደጋግመህ ስትጠቀም ክሬዲት ይገነባል"

አይገነባም፣ ክሬዲት ማለት የተበደራችሁትን በአግባቡ እንደምትመልሱ የሚያሳይ ታሪክ ነው፣ በዲቢት ግን የራሳችሁን ብር ነው ያወጣችሁት፣ ያበደራችሁ የለም። ዴፖዚት አስይዛችሁ የምትወስዱት ክሬዲት ካርድ አለ፣ በሱ ጀምሩ፣ በየወሩ ጨርሳችሁ ክፈሉ።

ስለ ሻንጣ ደግሞ ባጭሩ፦ ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ አሜሪካ መግባት ክልክል አይደለም፣ አለመናገር ነው ክልክሉ። ምግብም እንደዛው፣ በርበሬውንም ሽሮውንም "አለኝ" በሉ። ቋንጣ ግን ሥጋ ስለሆነ ብትናገሩም ይወሰዳል፣ የእናታችሁን ድካም እዛ ጠረጴዛ ላይ አትጣሉት።

የመጨረሻውን የተሳሳተ ነገር ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ለራሴ የነገርኩት፦ "ለሁለት ዓመት ነው፣ ዕቃ ምን ያደርግልኛል።" በዚህ ምክንያት አራት ወር መሬት ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ ተኛሁ፣ ግድግዳ ላይ ምንም አልሰቀልኩም፣ አንድ ድስትና አንድ ሹካ፣ እንግዳ ሲመጣ ተራ በተራ ነው የምንበላው። ዲሴምበር ላይ ወገቤ ሲብስብኝ አንድ ሊመረቅ የነበረ ቻይናዊ ልጅ አልጋውን ከነፍራሹ በ40 ዶላር ሸጠልኝ። እስክመረቅ ተኛሁበት፣ ከዛ ለሚቀጥለው በ35 ሸጥኩት።