«ኤርዙን ቁረጠው፣ ጉርምርምታው ይጠፋል» እና ሌሎች አደገኛ አባባሎች

በራሳቸው እጅ የሠሩትን አምፕሊፋየር ወይም የመብራት ማከፋፈያ ለጥገና ወደ እኔ የሚያመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ሶኬት ውስጥ የሚገባውን ገመድ ነው፣ ምክንያቱም የኤርዙ ሽቦ (የመሣሪያውን የብረት ሳጥን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው) ተቆርጦ በቴፕ ተጠቅልሎ የማገኘው ከሚገባው በላይ ነው። ስጠይቃቸው ሁሉም «ከስፒከሩ የሚሰማውን ጉርምርምታ ለማጥፋት ነው» ይሉኛል። ይህን መስማት አሁን አሁን ከማሰልቸት አልፎ ያስፈራኛል።

ጉርምርምታው የሚመጣው አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ ከተለያዩ ሶኬቶች ኤርዝ ሲያገኙ፣ በሁለቱ ኤርዞች መካከል ያለው ጥቂት የቮልቴጅ ልዩነት በሲግናል ገመዱ የብረት ሽፋን በኩል ኮረንቲ ስለሚያሳልፍ ነው። ኤርዙ ሲቆረጥ ይህ ዑደት ይበጠሳልና ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ነገር ግን የፌዙ ሽቦ (ኮረንቲውን የሚያመጣው) ከተበየደበት ተላቆ ሳጥኑን ቢነካ፣ ኤርዝ ያለው መሣሪያ ፊውዙን ወይም ብሬከሩን ወዲያውኑ ሲጥል፣ ኤርዙ የተቆረጠበት ግን ሙዚቃው ሳይቋረጥ 220 ቮልት በሳጥኑ ላይ ይዞ ሰው እስኪነካው ይቆያል። ከንፈሩ ማይክሮፎን በነካ ቁጥር የሚነዝረው አንድ ጊታር ተጫዋች ያመጣልኝን አምፕሊፋየር ስከፍት ኤርዙ ተቆርጧል፤ የፌዙ ሽቦ ደግሞ ጎማ ባልገባለት የሳጥኑ ቀዳዳ ጠርዝ ተፍቆ መዳቡ መታየት ጀምሯል። ያ መዳብ ብረቱን ገና አለመንካቱ ነው ያተረፈው።

ትክክለኛው መፍትሔ ሁለቱንም መሣሪያዎች ከአንድ ሶኬት መመገብና ባላንስድ ገመድ (ሲግናሉን በሽፋኑ ሳይሆን በሁለት የተለዩ ሽቦዎች የሚያስተላልፍ) መጠቀም ነው፤ ካልበቃም ድምፁን እያሳለፈ የኤርዞቹን ዑደት የሚበጥስ አንድ ለአንድ የድምፅ ትራንስፎርመር በሲግናሉ መስመር ላይ ይገባል። የኤርዙ ሽቦ ቀለሙ ተፍቆ በተገለጠ ብረት ላይ፣ ለብቻው በተመደበ ብሎንና በጥርሳም ሮንዴላ ይታሠር፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚበጠሰው እሱ እንዲሆን ከፌዙና ከኒውትራሉ (ኮረንቲው ከሚመለስበት ሽቦ) ረዘም ይበል።

«ፊውዝ አለው» የሚለውም መተማመኛ አይሆንም። ፊውዝ ገመድን ከቃጠሎ ይጠብቃል እንጂ ሰውን አያድንም፤ በደረት በኩል የሚያልፍ 30 ሚሊአምፔር ሊገድል ሲችል የ5 አምፔር ፊውዝ ይህን ከነጭራሹ አያውቀውም። ለሰው የሚሆነው በ30 ሚሊአምፔር፣ ያውም በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ የሚቆርጥ አርሲዲ (የሚሄደውና የሚመለሰው ኮረንቲ ሲለያይ መስመሩን የሚዘጋ መሣሪያ) ነው።

«ከሶኬት ነቅየዋለሁ» ብሎ እጅ መስደድም ስሕተት ነው። በ50 ቮልት የተሞላ 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከተነቀለም በኋላ ጉልበቱን ይዞ ይቆያል፤ ሁለቱን እግሮቹን በጠመንጃ መፍቻ ማገናኘት ብልጭታና ቃጠሎ ያመጣል። የ1 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በሁለቱ እግሮች ላይ ለአንድ ደቂቃ ይያዝና በመልቲሜትር ይለካ።

«ስታቢላይዘር አለኝ» የሚሉም አሉ፤ ስታቢላይዘር ግን ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ኤርዝን አይተካም።

ቤታቸው ኤርዝ የሌላቸው አንዳንዶች ደግሞ በሶኬቱ ውስጥ ኤርዙን ከኒውትራሉ ጋር ያገናኛሉ። ይህ ካለመኖሩ የከፋ ነው፤ ኒውትራሉ ከሶኬቱ በፊት አንድ ቦታ የተበጠሰ ዕለት የመሣሪያው ሳጥን ራሱ ፌዝ ይሆናል። የውኃ ቧንቧም መሬት ውስጥ ፕላስቲክ ሊሆን ስለሚችል አያስተማምንም። ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ከመሥራት በፊት ፈቃድ ባለው ባለሙያ የኤርዝ ዘንግ ማስቀበርና ማስለካት ይቅደም።