ሲ ባክቶርን፦ የባሕር ዳሩ ቁጥቋጦ እርሻ ሲገባ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

በባልቲክና በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ በአሸዋ ክምሩ ላይ፣ ብርማ ቅጠልና ረጃጅም እሾህ ያለው ቁጥቋጦ ይበቅላል። የአውሮፓ ሞቃት ወራት ሲያልቅ ቅርንጫፉ በብርቱካንማ ፍሬ ይሸፈናል። እንግሊዞች ሲ ባክቶርን፣ ጀርመኖች ዛንድዶርን ይሉታል፤ ጀርመን ያላችሁ በጭማቂ ወይም በማርማላታ መልክ ሳታገኙት አትቀሩም። ሰብል ከሆነ ግን ብዙ አልቆየም። ሩስያ ውስጥ፣ በሳይቤሪያው አልታይ ግዛት፣ በባርናውል ከተማ ያለው የሊሳቬንኮ ተቋም ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲያሻሽለው ቆይቷል፤ ጀርመን ውስጥ ደግሞ በእርሻ ደረጃ መተከል የጀመረው በ1980 (እ.ኤ.አ.) ሉድቪግስሉስት አካባቢ ነው። ስለ አያያዙ የሚነገረው አብዛኛው ነገር የዱሩን ተክል አይቶ የተገመተ ነው።

«አሸዋ ላይ ከበቀለ የትም ይበቅላል»

መኖርና ማፍራት ይለያያሉ። ጨው ያዘለ ነፋስና ድርቅ ይችላል፤ ውሃ የሚቋጥር መሬትና ጥላ ግን አይችልም። የሚስማማው አሸዋማና ውሃ የማይተኛበት አፈር ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ6 እስከ 7.5 ቢሆን ጥሩ ነው። በረድፎች መካከል 4 ሜትር ያህል፣ በአንድ ረድፍ ውስጥ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይተዋል። ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ በሁለተኛው ዓመት አረሙን አጥፋ ብሎ በጥልቀት የሚቆፍር ሰው ተክሉን ራሱ ይጎዳዋል። ሥር እስኪይዝም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ ውሃ ሊጠጣ ይገባል።

«ዘሩን መዝራት ይበቃል»

ዘሩ ይበቅላል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ተክሉ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ስለሆነ ከዘር ከወጣው ግማሽ ያህሉ ወንዴ ይሆናል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ደግሞ እስከ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዓመት አይታወቅም። ያን ጊዜ የወንዴው የአበባ እንቡጥ ከሴቴው በግልጽ ተልቆ ይታያል። እሾሁም፣ የፍሬው መጠንም ከችግኝ ችግኝ ይለያያል።

ስለዚህ የሚተከለው ከታወቀ እናት ተክል የተቆረጠ ቅርንጫፍ ነው። ቅጠል ሳይወጣ፣ በብርዱ ወራት መጨረሻ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን የአንድ ዓመት ቅርንጫፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር አድርጎ መቁረጥ፣ የታች ጫፉን ውሃ ውስጥ አቁሞ ውሃውን እየቀየሩ ቅርፊቱ ላይ ነጫጭ የሥር ነጥቦች እብጥ እብጥ እስኪሉ መጠበቅ፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት እንቡጥ ብቻ ከአፈር በላይ አስቀርቶ መትከል። የወንዴና የሴቴ ቁርጥራጭ ከተቀላቀለ በዓይን መለየት ስለማይቻል ምልክቱ የሚታሰረው ገና ሲቆረጥ ነው።

«ፍሬ የማይሰጠውን ወንዴ ቆርጦ መጣል»

ይህ እርሻውን መካን ያደርገዋል። አበባው የአበባ ማርም ቅጠለ አበባም የለውም፤ ስለዚህ የንብ ቀፎ ማስቀመጥ ምንም አይፈይድም። ዱቄቱን የሚወስደው ነፋስ ነው። ለስምንት ሴቴ አንድ ወንዴ ያህል ይተከላል፤ ወንዴዎቹም በየረድፉ መሐል ይሰባጠራሉ እንጂ አንድ ጥግ ላይ አይከማቹም። ወንዴው ከሴቴው ጋር በአንድ ሳምንት ማበብ አለበት፤ የሳይቤሪያ ሴቴ ከባልቲክ ወንዴ ቀድማ ስለምታብብ ሁለቱን ማጣመር አያዋጣም።

«ናይትሮጅን ራሱ ስለሚሠራ ምንም አይፈልግም»

ግማሹ እውነት ነው። ሥሩ ላይ ፍራንኪያ የሚባል ባክቴሪያ እንደ እባጭ ሆኖ ይቀመጥና ከአየር ናይትሮጅን ይሠራል፤ እኛ አገር በየግቢው የሚተከለው ሸውሸዌም በዚሁ ባክቴሪያ ነው የሚኖረው። ነገር ግን እባጩ እንዲሠራ ፎስፈረስ ያስፈልጋል፤ ዩሪያ የሚበዛበት ተክል ደግሞ እባጭ መሥራቱን ይቀንሳል። ከመትከል በፊት አፈር አስመርምሮ ፎስፈረሱን ማሟላት ይሻላል።

«ፍሬው ሲበስል ይለቀማል»

ተክሉ ሰብል እንዳይሆን ለረጅም ጊዜ ያገደው ይኸው ነው። የዱሩ ፍሬ ሩብ ግራም ያህል ብትመዝን ነው፤ ቆዳዋ ስስ፣ የተንጠለጠለችበት ዘንግ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ቅርንጫፉን ከብባ ተጣብቃ ትቀመጣለች። እንደ ቡና ሳብ ቢያደርጓት አትላቀቅም፤ ጣት ውስጥ ትፈነዳለች። ብትበስልም አትረግፍም።

የአልታይ አሻሻዮች ድካም ባብዛኛው እሾህ የሌለው፣ ፍሬው የተለቀና ዘንጉ የረዘመ ተክል መምረጥ ነበር። እነዚያን ዝርያዎች ወደ ባልቲክ ማምጣት ግን መፍትሔ አልሆነም፤ ብርዱ ለስላሳ በሆነባቸው ወራት ሙቀት ሲመጣ ቶሎ ይነቁና ተመልሶ የሚመጣው ውርጭ ያቃጥላቸዋል። ጀርመኖች ከራሳቸው ዳርቻ ተክል ሌይኮራ የተባለውን ዝርያና መሰሎቹን መምረጣቸው ለዚህ ነው። እሾሁ አለ፤ ፍሬውን የሚያላቅቁት በቅዝቃዜ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፍሬ የያዘው ቅርንጫፍ በሙሉ ይቆረጣል፤ አየር እንዲዘልቀው ሳይጠቀጠቅ በሳጥን ይደረደራል፤ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ አካባቢ ይቀዘቅዛል፤ ደንድኖ ሳለ ሲናጥ ፍሬው ይረግፋል፤ ቅጠሉን የነፋስ ማራገቢያ ይለየዋል። ሳጥኑ ከተጨናነቀ መሐሉ በቅዝቃዜው ስለማይደነድን ፍሬው ይጨፈለቃል። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ከዘገየም ላዩ ይላላና ቅጠል ይጣበቅበታል። መቁረጡ ራሱ ከዘገየ ፍሬው ይፈላል፣ የከረመ ቅቤ ዓይነት ሽታም ያመጣል።

የሚረሳው ሒሳብ ይህ ነው፦ ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ የተቆረጠ ተክል በሚቀጥለው ዓመት ምርት አይሰጥም። መሬቱ ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ በየተራ ይቆረጣል። የአንድ ዓመቱን ምርት በጠቅላላው መሬት አባዝቶ በየዓመቱ የሚጠብቅ ሰው ከጅምሩ ተሳስቷል።

«ተባይ አይነካውም»

ዱር ውስጥ ተበታትኖ ሳለ እንደዚያ ይመስላል። በአንድ ቦታ ሲበዛ ቨርቲሲሊየም የሚባለው አጠውላጊ ፈንገስ ይመጣል፤ ድንች፣ ቲማቲም ወይም እንጆሪ ከነበረበት መሬት ላይ አይተከልም። የባሰው የሲ ባክቶርን የፍሬ ዝንብ ነው። በሞቃቱ ወራት ፍሬው ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፣ ትሉ ሥጋውን በልቶ ባዶ ቆዳ ያስቀራል፣ ከዚያ ወርዶ አፈር ውስጥ ይከርማል። ቢጫ ማጣበቂያ ወጥመድ መምጣቷን ይነግራል እንጂ አያስቆማትም፤ ከተክሉ ሥር መሬቱን በጨርቅ መሸፈን ከአፈር የምትወጣውን ያግዳል።

«ከብርቱካን አሥር እጥፍ ቫይታሚን ሲ አለው»

አንዳንዱ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ከ100 ግራም ፍሬ ብርቱካን 50 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል፤ የሲ ባክቶርን መጠን እንደ ዝርያው ከዚሁ እኩል ከሆነው ጀምሮ ከ1,000 በላይ እስከሚሆነው የቻይናው ዝርያ ይደርሳል። ትልቅ ፍሬና ጣፋጭነት ታይቶ የተመረጠው የሳይቤሪያው ብዙ ጊዜ ከዝቅተኞቹ ነው።

«በተከልንበት ይቀመጣል»

አይቀመጥም። ከሥሩ አዳዲስ ቡቃያ ርቆ ያወጣል፤ አየርላንድ ውስጥ አሸዋ እንዲይዝ የተተከለው የዳርቻውን ሣር ስለዋጠ በብዙ ቦታ እየተነቀለ ነው። እርሻ ላይ በረድፎች መካከል ሣር ዘርቶ ደጋግሞ ማጨድ ይረዳል። ረድፍ ውስጥ የወጣውን ግን በለጋነቱ ከሥሩ መንቀል ነው፤ ላዩን ከቆረጡት ሁለትና ሦስት ሆኖ ይመለሳል።